የእንግዳ ክፍል ሙቀት

ሱንዱስ በድሆቹ ኮረብታ በጀበል ዘዕተር አርባ ቤት ለክታ ስትጨርስ፣ የሰፈሩ አማካይ ሙቀት ሃያ አንድ ዲግሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ወሩ ጥር ነው። ውጭ ዝናብና በረዶ ተደባልቆ ይወርዳል፤ ኮረብታውን በሚሰነጥቀው ረጅም ደረጃ ላይ የሚወጣውም የሚወርደውም ሰው ከአፉ እንፋሎት ያስወጣል። ቤቶቹ ግን፣ በወረቀቱ መሠረት፣ ሱንዱስ ስድስት ዓመት በስዊድን ከኖረችበት የተማሪ ክፍል ይልቅ ይሞቃሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ለእሷ ግን ቁጥሩ መርዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማን ከተማ «የሞቀ ቤት» የሚባል ፕሮጀክት ተጀምሯል። ከኮረብታዎቹ አንዱ ተመርጦ፣ የሚያፈስ ጣሪያው ሊደፈን፣ መስኮቱ ሊቀየር፣ ግድግዳው ሙቀት የሚያቆይ ንጣፍ ሊለብስ፣ ጭስ የሌለው ማሞቂያ ሊገባለት ነው። ሐሳቡን ከጠነሰሱት ሰዎች አንዷ ራሷ ሱንዱስ ናት። በየስብሰባው እየተነሣች፣ ሻጋታ ከግድግዳ ወደ ሳንባ እንደሚሻገር፣ የሐኪም ቤት አልጋ በብርድ ወራት የሚጣበበው በሌላ በምንም ሳይሆን በቀዝቃዛ ቤት እንደሆነ፣ ከተማ ሽሮፕ ከማደሏ በፊት ቤት ብታሞቅ እንደሚሻል ስትናገር ከርማለች። በመጨረሻ ሰሟት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ የሚመረጠው ሰፈር አማካይ ሙቀቱ ከአሥራ ስድስት ዲግሪ በታች መሆኑን በመለኪያ አሳዪን።

ለማነጻጸሪያ የቀረበው ሌላው ኮረብታ ጀበል ሱሩር ነበር፤ የጡረተኛ ሹማምንትና የጥርስ ሐኪሞች ሰፈር። እዚያ በር የሚከፍትላት ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ ኮሪደር ላይ ያቆማታል። ቤተሰቡ ላይኛው ፎቅ በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ይሞቃል፤ እሷን ግን ወደ ላይ ውጪ የሚላት የለም። መለኪያዋም አብሯት ኮሪደር ላይ ቆሞ አሥራ አራት ዲግሪ ጻፈ።

ስለዚህ በቁጥሩ መሠረት፣ የድሆቹ ማሞቂያ ወደ ጥርስ ሐኪሞቹ ሊሄድ ነበር።

«ቁጥር ቁጥር ነው፤» አላት አለቃዋ ዶክተር ሙፍሊህ። የቢሮው ማሞቂያ ከመጠን በላይ ስለሚግል መስኮቱን ከፍቶ ነው የሚሠራው። «አንቺው ለካሽ፣ አንቺው ጻፍሽ። እኔ ምን ላድርግ? ሄጄ ቤታቸውን ላቀዝቅዝላቸው?»

«ዶክተር፣ የዚያ ሰፈር ሰው ግማሹ ያስላል እኮ።»

«ሳል በዲግሪ አይለካም፣ ልጄ።»

ሱንዱስ ካልረሳቻቸው ቤቶች አንዱ የአቡ ሙንጂድ ቤት ነው። አቡ ሙንጂድ አርባ ዓመት ድንጋይ ጠርቧል። የጀበል ሱሩር ቤቶች ፊት ለፊት ላይ የተለጠፈው ነጭ ድንጋይ ግማሹ በእሱ መዶሻ ያለፈ ሲሆን፣ የድንጋዩ ብናኝ ደግሞ ሳንባው ውስጥ ቀርቷል። በታኅሣሥ ወር አሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ። ሲወጣ ሐኪሙ ሚስቱን ኡም ሙንጂድን ለብቻ ጠርቶ፣ «ብርድና የነጭ ጋዝ ጭስ ያልደረሰበት ክፍል ውስጥ አስቀምጪው። ብርዱ ሳያልፍ ዳግመኛ ከመጣ፣ በእግሩ ይወጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አላት። ይህን ለሱንዱስ የነገረቻት ኡም ሙንጂድ ራሷ ናት፤ ያውም ሃያ ሦስት ዲግሪ በሞቀው የእንግዳ ክፍሏ ውስጥ፣ ሻይ እየቀዳች።

ሃያ ሦስት ዲግሪ! ሱንዱስ መለኪያዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋው ነበር።

የጠፋባትን ነገር ያገኘችው በሻርፕ ምክንያት ነው። ቁጥሩን አላምን ብላ ቤቶቹን እንደገና መለካት በጀመረችበት ቀን፣ ከመጀመሪያው ቤት ሻርፗን ረስታ ወጣችና፣ ወደ ሚቀጥለው ቤት ከመሄዷ በፊት ልትወስደው ተመለሰች። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ሁለት ሴቶች አንድ የጋለ ማሞቂያ በጨርቅ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ በዝናቡ ውስጥ ሲሮጡ አየች። ማሞቂያው ቀይ ነው፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጣውላ ተደግፏል። ሱንዱስ ይህን ጣውላ ታውቀዋለች። በአራተኛው ቤት አይታዋለች። በአሥራ ሰባተኛውም። እስከዛሬ የሰፈሩ ሰው አንድ ዓይነት ማሞቂያ መግዛት የሚወድ ይመስላት ነበር።

«ቀስ በይ፣ አቃጠልሽኝ!»

«አንቺ ነሽ የምትጎትቺው! ቶሎ በይ፣ ልጅቷ ሳትደርስ!»

ከላይ ከመስኮት አንድ ሽማግሌ ራሱን አውጥቶ ጮኸ፦ «ጣውላው! ጣውላውን ያዙልኝ! የሰው ንብረት እኮ ነው!»

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ኡም ሙንጂድ ነበረች። ቀና ስትል ከሱንዱስ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ማሞቂያው በመሀላቸው ጠብ ጠብ በሚለው ዝናብ ቸስ ቸስ ይላል።

«ይህ ማሞቂያ የማን ነው፣ አክስቴ?»

«የሐጅ ዐውኒ ነው፤ ከመስኮት የሚጮኸው የልብስ ሰፊው። ሰፈራችን ውስጥ ጭስ የሌለው ማሞቂያ ይህ ብቻ ነው።»

«ስንት ቤት ገብቷል?»

ኡም ሙንጂድ ትንሽ አሰበች። ውሸት መናገር አትወድም። «አንቺ የገባሽበት ሁሉ ገብቷል። እንዲያውም ካንቺ ቀድሞ።»

ሱንዱስ ደረጃው ላይ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ቁጭ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ማሞቂያ ተከትላ ስትዞር ኖራለች። አርባ ጊዜ የለካችው የሐጅ ዐውኒን ማሞቂያ ነው።

ከዚያ በኋላ ኡም ሙንጂድ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በጓሮ በር አስገባቻት። የእንግዳው ክፍል ተቆልፏል። ቤተሰቡ የሚኖረው ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። አቡ ሙንጂድ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንዲት አሮጌ የነጭ ጋዝ ማሞቂያ ትንተከተካለች፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። መለኪያው አሥራ ሁለት ዲግሪ አለ።

«ይኸው እውነቱ፤» አለች ሱንዱስ። «ይህን ልጽፍ ነው።»

«በጭራሽ!» ኡም ሙንጂድ መለኪያውን በመዳፏ ሸፈነችው። «ኡም ሙንጂድ እንግዳ በብርድ ተቀበለች ተብሎ ወረቀት ላይ ሊሰፍር? ያውም በመንግሥት ወረቀት?»

«እኔ እንግዳ አይደለሁም፤ ለኪ ነኝ።»

«በር አንኳኩተሽ ከገባሽ እንግዳ ነሽ። ለኪነትሽ ከሻይ በኋላ ነው።»

«ቤትዎ ሞቆ ስለተገኘ እኮ ፕሮጀክቱ ሊሄድባችሁ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ጀበል ሱሩር።»

አቡ ሙንጂድ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ረዘመ። ሲያበቃ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ድንጋያቸውን ጠረብኩላቸው፤» አለ። «አሁን ደግሞ ሙቀቴን ልስጣቸው?»

ኡም ሙንጂድ ግን ፍንክች አላለችም። ጎረቤቶቹም እንደዚያው። ሱንዱስ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ማሞቂያውን ተዉት፣ እንደምትኖሩት ተቀበሉኝ ብትል፣ አንድም ሰው እሺ አላላትም። ሐጅ ዐውኒ እንዲያውም ተቆጣ። «ስዊድን ሄደሽ ይህን ነው የተማርሽው? የሰው ቤት ገብተሽ ብርዱን ልታዪ?» አላት። እሷም ለደቂቃ፣ ምናልባት እውነቱን ይሆን? ብላ አሰበች። እንዲህ ማሰብ ልማዷ ነው፤ የቆመችበትን መሬት በየቀኑ በእግሯ መታ መታ ሳታደርግ አትረግጥም።

በመጨረሻ አንድ መላ ዘየደች። ራሳቸው የሚመዘግቡ ትናንሽ ነጫጭ ሣጥኖች ነበሯት። ሰው ሳይገባ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ሣጥኑ ብቻውን አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ዶክተር ሙፍሊህም፣ «አንድ ሳምንት፤ ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ አልፈልግም» ብሎ ፈቀደላት። ሣጥኖቹን ስታድል ለእያንዳንዱ ቤት፣ «በምትኖሩበት ክፍል አስቀምጡት፣ ከማሞቂያው ራቅ አድርጉት» ብላ ነገረች። ሁሉም እሺ አሉ። እሺ ማለት በጀበል ዘዕተር ለእንግዳ የሚቀርብ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ስምንት ዲግሪ። ዶክተር ሙፍሊህ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጣት። «ስምንት! ጀበል ሱሩርን በስድስት ዲግሪ አሸነፍን!»

ሱንዱስ ግን የሣጥኖቹን መስመር ትክ ብላ አየችው። ሰው የሚኖርበት ክፍል መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፤ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ከፍ ይላል፣ በር ሲከፈት ዝቅ ይላል። ይህ መስመር ግን ሳምንቱን ሙሉ ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልተነፈሰም።

ሣጥኑን ልትሰበስብ ኡም ሙንጂድ ቤት ስትሄድ ያገኘችው የጠበቀችውን ነው። ሣጥኑ በተቆለፈው የእንግዳ ክፍል ውስጥ፣ በጥልፍ ጨርቅ ላይ፣ በወርቅ ቅብ ስኒዎች መሀል ተቀምጧል።

«አክስቴ፣ በምትኖሩበት ክፍል ብዬ አልነበር?»

«የመንግሥት ዕቃ ከሽንኩርትና ከሰውዬው ሳል ጋር ላስቀምጠው? ልጆቻችንን እንኳ እዚህ አናስገባም። አንድም ቀን አልነካሁትም፤ አቧራውን ብቻ ጠረግሁለት።»

አርባ ቤት፣ አርባ ጥልፍ ጨርቅ። የመጀመሪያው ቁጥር የእንግዳ ማሞቂያ ነበር፤ ሁለተኛው የእንግዳ ክፍል። ከኡም ሙንጂድ ቤት በቀር፣ የሚኖሩበትን ክፍል እስካሁን የለካው የለም።

ሱንዱስ ሌላ ሰው ብትሆን ዝም ትል ነበር። ደግሞስ እውነተኛው ቁጥርም ከአሥራ ስድስት በታች ነው፤ ሐሰቱ ወደ ትክክለኛው በር አድርሷቸዋል። ሁለት ቀን ራሷን ስትጠይቅ ቆየችና በሦስተኛው ለአለቃዋ ነገረችው።

«መጀመሪያ ሞቀ ስንል ሐሰት ነው አልሽ፤» አለ ዶክተር ሙፍሊህ፣ ራሱን ይዞ። «አሁን ቀዘቀዘ ስንል ሐሰት ነው ትያለሽ። እዚያ ያስተማሩሽ መጠራጠር ብቻ ነው እንዴ?»

«በአብዛኛው፤» አለች ሱንዱስ።

«እሺ፣ ማስታወሻ ጻፊና ከሪፖርቱ ኋላ አያይዢው። ማንም አያነበውም።»

ጻፈችው። «ልኬቱ የተወሰደው ሣጥኑ በተቀመጠበት ክፍል፣ ማለትም በእንግዳ ክፍል ነው» የሚል አንድ መስመር። ጀበል ዘዕተር ተመረጠ። ማስታወሻዋን ግን አንድ ሰው አነበበው፤ ውል የሚያረቅቀው ሰው። የተመደበው በጀት ቤቱን ሁሉ ለማልበስ እንደማይበቃ ያውቅ ነበርና፣ በማስታወሻው ደስ አለው። በውሉ ላይ «ሥራው የሚሠራው ሣጥኑ በተቀመጠበት ክፍል ነው» ብሎ አሰፈረ።

ተቋራጩ ሠራተኞቹን ይዞ ሲመጣ ሱንዱስ ደረጃው ላይ ቆማ ተከራከረችው።

«ሰው የሚኖረው በወዲያኛው ክፍል ነው! የታመመው ሰው እዚያ ነው ያለው!»

«እህቴ፣ ወረቀቱ ‹ሣጥኑ በተቀመጠበት› ይላል። ይህን የጻፈውን ሰው ባገኘሁት።»

ሱንዱስ ከደረጃው ጥግ ይዛ አሳለፈችው።

የካቲት ሲጋመስ በጀበል ዘዕተር አርባ የእንግዳ ክፍሎች እንደ ዕንቁላል አስኳል ሞቀው ተቀመጡ። ግድግዳው ለብሷል፤ መስኮቱ ድርብ መስታወት ገብቶለታል፤ ግድግዳው ላይ ጭስ የሌለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሰቅሏል። መብራቱንም ለሁለት ዓመት ፕሮጀክቱ ይከፍላል። ክፍሎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። ቁልፎቹ በሴቶቹ ጉያ ናቸው።

አቡ ሙንጂድ በጠባቧ ክፍል፣ በአሮጌዋ ማሞቂያ አጠገብ ነው። ሳሉ እንደገና ከፍቷል። ትናንት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ አይታው እንደነበር ኡም ሙንጂድ በሹክሹክታ ነገረቻት።

«ታዲያ ለምን ወደ ሞቀው ክፍል አይወስዱትም? ከዚህ አሥር እርምጃ ነው እኮ!»

«የበሽተኛ አልጋ በእንግዳ ክፍል? ነገ ሰው ቢመጣ የት ላስገባው ነው?»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እንግዳ ነዋ! ቀጠሮ ይዞ ይመጣል እንዴ?»

ሱንዱስ ወደ ራሱ ወደ አቡ ሙንጂድ ዞረች። «አጎቴ፣ ሐኪሙ ያለዎትን ያውቃሉ። እባክዎ እዚያ ይተኙ።»

«እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ አይደለሁም፤» አለ፣ በሳሉ መሀል። «በዚያ ክፍል የምቀመጠው ሰው ሳስተናግድ ብቻ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር። አንቺ ግን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እንግዳ በወጥ ቤት በኩል! ሴትዮ፣ በሩን ክፈቺላት!»

ኡም ሙንጂድ ቁልፉን አወጣች። ሱንዱስ ገብታ ተቀመጠች። አቡ ሙንጂድም፣ ባለቤት እንግዳን ብቻዋን አይተውምና፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ሻይ መጣ። ስለ ድንጋይ አወራት፤ የቱ ድንጋይ በመዶሻ እንደሚዘፍን፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ። ከዚያ ስለ ጀበል ሱሩር የጥርስ ሐኪም፣ ሦስት ጊዜ በር አስፈርሶ ስላስጠረበው። ሁለተኛው ሻይ መጣ።

ሱንዱስ ሰዓቷን አየች። ከተቀመጡ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፏል። አቡ ሙንጂድ አንድም ጊዜ አላሳለም።

ቀና ስትል ኡም ሙንጂድ በሩ ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ባሏ ደረት ላይ ነው። እሷም ቆጥራለች።

«እንግዲህ ልሂድ፤» አለች ሱንዱስ፣ ልትፈትናት።

«የት ትሄጃለሽ!» ኡም ሙንጂድ ትሪውን አስቀምጣ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። «ገና መምጣትሽ ነው። ፍራፍሬ አልበላሽም። ቡናም አልፈላም። ቁጭ በይ!»

ሱንዱስ እስኪመሽ ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች፤ በማግስቱም። ቢሮ ውስጥ «የክትትል ጉብኝት» ብላ መዘገበችው። ነገር ግን እሷ ስትሄድ አቡ ሙንጂድ ወደ ጠባቧ ክፍል ይመለሳል፤ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል። ሴት ልጅ ደግሞ በሰው ቤት እንዴት በእንግድነት ታድራለች? ይህን በሦስተኛው ቀን ለኡም ሙንጂድ ስትነግራት፣ ኡም ሙንጂድ ሻርፗን ራሷ ላይ ጠምጥማ በጓሮ በር ወጣች፤ በደረጃው ላይ ከበር በር ስትል ቆይታ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቷል።

ብዙም ሳይቆይ የፊት በር ተንኳኳ። ሐጅ ዐውኒ ነው። የበዓል ጃኬቱን ለብሷል፤ በብብቱ ትራስ ይዟል። በዚያው ቅጽበት ከወጥ ቤቱ መስኮት በኩል የሚስቱ እጅ ጥቅልል ጎመን የሞላ ድስት ሲያቀብል ሱንዱስ አየች፤ እንግዳ ራቱን ይዞ መጣ እንዳይባል ኡም ሙንጂድ ድስቱን ቶሎ በጨርቅ ሸፈነችው።

አቡ ሙንጂድ ጎረቤቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ዐውኒ፣ ቤትህ እኮ እዚያ ማዶ ነው። በዚህ ትራስ ምን…»

«ዋ!» አለች ኡም ሙንጂድ ከኋላ። «እንግዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው ለምን መጣህ ተብሎ አይጠየቅም! አባትህ ይህን አላስተማረህም?»

ሐጅ ዐውኒ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ከእኔ በኋላ አቡ ሐይሰም ይመጣል፤» አለ ሐጅ ዐውኒ ወደ ጣሪያው። «ከዚያ የጋጋሪው አባት። ሰው እየናፈቀህ ነው መሰለኝ።»

«በዚህ ደረጃ ስንት ቤት ነው ያለው?» ብላ ሱንዱስ በሹክሹክታ ኡም ሙንጂድን ጠየቀቻት።

«አሥራ ሁለት። ሦስት ሦስት ቀን።»

ሱንዱስ በልቧ አባዛችው። ሠላሳ ስድስት። ብርዱ የቀረው አምስት ሳምንት ገደማ ነው። የሚመጣው ዓመት ብርድስ? ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዋን ዋጠችው።

አቡ ሙንጂድ ሚስቱን አየ፤ ሱንዱስን አየ፤ ትራሱን አየ። ገብቶታል። እንቢ እንዳይል ፈርተው ሁሉም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ጃኬቱን ቆለፈ፤ እንደ ባለቤት ደረቱን ነፋ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ለሰው ፍራሽ አንጥፊ፣ ሴትዮ። የእኔንም አጠገቡ፤ እንግዳ ብቻውን አይተኛም።» ወደ ሐጅ ዐውኒም ዞረ። «አንተ ደግሞ ምን ገትሮሃል? ግባና በሩን ዝጋው እንጂ፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው!»